የብስ ላይ መርከብ የነበራቸው ኮማንደር

ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። የሁለት ልጆች እናት፣ የራሷን ቤት የምታስተዳድር ሴትዮ ሆኜ ሳለሁ፣ ከአንድ የሽቦ አጥር ለመውጣት «ወደ የብስ ለመውረድ ይፈቀድልኛል?» ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። የቆምኩት እኮ የብስ ላይ ነው! ጁባ ወደብ አጠገብ፣ ሦስት ኮንቴይነርና አንድ የኒም ዛፍ ያሉበት አቧራማ ግቢ ውስጥ። እንግሊዛዊው አለቃዬ ኮማንደሩ ግን ግቢው መርከብ ነው ካሉ መርከብ ነው። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ልማድ የባሕር ኃይል ሰው የሚሠራበት ግቢ ሁሉ እንደ መርከብ ይቆጠራል አሉ። ከበሩ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ቦዳ የምንላቸው የሞተር ታክሲ ነጂዎቹም፣ ሻይ ሻጯም፣ መላው ደቡብ ሱዳንም «የብስ» ነው።

«ኮማንደር፣ ሽንኩርት ገዝቼ ልምጣ፤ ልወጣ ነው» እላቸዋለሁ።

«አትወጪም፣ ሚስ ኛማል። ትወርጃለሽ።»

«እሺ፣ ልወርድ ነው።»

«መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቂ።»

ባለፈው ሳምንት ሴት ልጃቸው ከእንግሊዝ መልእክት ላከችልኝ። ካስተም ገበያ ቆሜ ከኡጋንዳ የመጣ ድንች ከመኪና እስኪራገፍ እየጠበቅኩ ነበር። «አባቴ ሐሙስ ጠዋት ዐረፈ። ስለ አንቺ ብዙ ያወራ ነበር» ይላል። ምን ብለው ያወሩ እንደነበር አልጠየቅኋትም፤ አውቀዋለሁ። የሚገርመው ግን መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አይደለም፣ ብሽቀት ነው። «አሁን እኔ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?» አልኩ ጮክ ብዬ፣ እዚያው ድንቹ መሃል። ድንች ሻጯ ዋጋውን መስሏት «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ እቀንስልሻለሁ» አለችኝ።

ስማቸው ሌላ ነበር፤ ማንም አይጠራውም እንጂ። እኛ ኮማንደር እንላቸው ነበር። ቦዳ ነጂዎቹ «ጄኔራል» ሲሏቸው ግን ፊታቸው ቲማቲም ይመስላል። «ጄኔራል የእግረኛ ጦር ነው» ብለው ከሞተሩ ላይ ሆነው ማስረዳት ይጀምራሉ። ጁባ ውስጥ ጄኔራል መባልን የሚጠላ እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው እንደ ተነጨ ዶሮ የቀላ፣ ስልሳ አምስትን ያለፉ ሰው ነበሩ። ነጭ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይተኩሳሉ። መብራት ከሌለ ፍራሻቸው ሥር ዘርግተው ይተኙበትና ጠዋት መስመሩ እንደ ቢላ የቀና ሆኖ ይወጣል። አምስት ደቂቃ ቀድሞ ያልደረሰ ሰው እሳቸው ዘንድ አርፍዷል። ሰዓቱን ጠብቆ የደረሰም አርፍዷል! ከወንዙ ማዶ፣ ከጉምቦ ሰፈር በድልድዩ በኩል በቦዳ የምትመጣ ሴት፣ ድልድዩ ላይ መኪና ሲቆም ምን ታድርግ? «ቀደም ብለሽ ተነሺ» ነው መልሱ።

ሥራውን ያገኘልኝ ታናሽ ወንድሜ ቾል ነው። ድርጅቱ የእርዳታ እህልና ዘር በወንዝ ያጓጉዛል። ባርጅ የምንለው ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ አለ፤ ከኋላው ሞተር ያላት ጀልባ ትገፋዋለች። የዚያ ሁሉ ብረት ነጂ ቾል ነበር። እኔና ቾል ያደግነው ጋምቤላ፣ የስደተኛ ጣቢያ ውስጥ ነው። እሱ ባሮ ወንዝ ላይ በታንኳ ሲውል እኔ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥሬ ሄድኩ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጥኩም። አማርኛውን የለየሁት ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ ከዱቄት ጆንያ፣ ከዘይት ጣሳ፣ ከመድኃኒት ካርቶን። በኋላ ወደ አገሬ ተመልሼ በጁባ ቢሮዎች ስሠራ ብዙ ሰው ዲግሪ ያለኝ ይመስለው ነበር። እኔም «የለኝም» ብዬ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ነበረብኝ። ጆንያና ጣሳ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ፊደሉ አንድ በአንድ ተነጣጥሎ የታተመ ነው። ፈረንጅ በእጁ እያያዘ፣ እያጠላለፈ የሚጽፈውን ማንበብ አልችልም። ለእኔ የዝናብ ትል ያለፈበት ጭቃ ነው። የኮማንደሩ ጽሕፈት ደግሞ የትል ጉባኤ። በሁለት ዓመት አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ማስታወሻ ጽፈው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ «ኮማንደር፣ ምን ለማለት ነው?» እያልኩ በአፋቸው አስነግራቸዋለሁ፤ ወይም ሬዲዮውን ለሚይዘው ለላዱ «ይህን ጮክ ብለህ አንብበውና እንሳቅ» እለዋለሁ። ዘዴ ነበረኝ። ዘዴዬ በጣም ጥሩ ነበር። ጥፋቱም ከዚያ መጣ።

ሲቀጥሩኝ ወረቀት ሰጡኝና «በመስኮቱ የምታዪውን ጻፊ» አሉኝ። እኔ ወሬ መናገር ነፍሴ ነው። ወንዙ ሰፊ እንደሆነ፣ ሴቶቹ እየሳቁ ልብስ እንደሚያጥቡ፣ አንድ የሚያምር ነጭ ወፍ ባርጁ ላይ እንደቆመ በትላልቅ ፊደል ጻፍኩ። ቀይ እርሳስ አወጡ። «እየሳቁ» ላይ ሰረዝ። «የሚያምር» ላይ ሰረዝ።

«ወፉ ያምራል እኮ፣ ኮማንደር» አልኩ።

«ያንቺ ሐሳብ ነው። መዝገብ ሐሳብ የለውም። ‹አንድ ወፍ› ብለሽ ጻፊ።»

«ወፉንስ ለምን እጽፈዋለሁ ታዲያ?»

ትንሽ አሰቡና ወፉንም ሰረዙት። ቀጠሩኝ።

ሥራዬ መዝገቡን መያዝ ነበር፤ ባርጅ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ስንት ጆንያ፣ ውኃው ስንት ሜትር። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ባርጁ የገባበትን ሰዓት በለመድኩት በእኛ አቆጣጠር ስምንት ከሃያ ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር የጠዋት መስሏቸው ወደቡ ባርጁን ስድስት ሰዓት አስቁሞታል ብለው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤው ማኅተም ተመታበት፤ የወደቡ ኃላፊ በንዴት መጣ። ጉዱ ሲታወቅ መሬት ብትሰነጠቅ ደስታዬ ነበር። የእርሳስ ማጥፊያ ይዤ ስሮጥ ኮማንደሩ እጄን በእርሳሳቸው መታ አደረጉት።

«መዝገብ ላይ አይጠፋም። ገጽ አይቀደድም። አንድ መስመር አስምሪበት፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፊ፤ ፈርሚ። ስህተትሽ ከነፊርማሽ ይታይ።»

«ለማን ነው የሚታየው?»

«ለሚመጣ ለማንኛውም ሰው።»

ይኸው የእኔ ስም፣ ከእኔ ስህተት ጎን፣ ለሚመጣ ለማንኛውም ሰው። እርሳሱን ተጭኜ ፈረምኩ።

ከቾል ጋር ደግሞ ጭቅጭቃቸው ሌላ ነበር። ቾል ወንዝ የሚያነበው በዓይኑ ነው። የውኃውን መልክ፣ የሚንሳፈፈው አረም የቱ ጋ እንደሚዘገይ፣ ወፎቹ የት ቆመው እንደሚያጠምዱ አይቶ «እዚህ አሸዋ አለ» ይላል። ኮማንደሩ ወደቡ ላይ በቀይና በነጭ ቀለም የተቀባ መለኪያ እንጨት አስተክለው ነበር። በቀን ሦስቴ ይሄዱና ያነቡታል።

«እንጨትህ ዛሬ ምን አለ?» ይላል ቾል በእንግሊዝኛ፣ እየሳቀ።

«ሁለት ሜትር ከአሥር።»

«የኔ ወፎች አንድ ከግማሽ ነው ያሉት።»

«ወፍ መሐላ ፈጽሞ መመስከር አይችልም፣ ሚስተር ቾል።»

ቾል ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «ይሄ ሰውዬ ግን መርከብ አግብቶ ነው እንዴ የፈታው?» ይለኛል። እሳቸው ምን እንዳለ ጠይቀውኝ አያውቁም። አማርኛ የምናወራው እንዳይሰሙን መሆኑን የተረዱ ይመስለኛል፤ ሻያቸውን ያማስላሉ።

የቾል ነገር ቀልድ ሆኖ አልቀረም፤ በእርግጥም መርከብ ነበራቸው። ጠዋት በአራት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ባርጁ በሬዲዮ የት እንደደረሰ ይነግረናል። ጥሪው እስኪመጣ ኒሙ ሥር ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ታሪካቸውን ያወጣሁት በዚያ ጊዜ ነው፤ ያወጣሁት ስላችሁ እንደ ጥርስ ነው። እሳቸው ሕይወታቸውንም እንደ መዝገብ ነው የሚናገሩት። «በአሥራ ስምንት ዓመቴ ገባሁ። በሃያ ሦስት አቅጣጫ መሪ መኮንን። በሠላሳ አራት አገባሁ። በሠላሳ ስምንት የራሴን መርከብ ተረከብኩ።» አበቃ! መርከቧ ምን ትመስላለች? ስትረከቡ ምን ተሰማዎት? ሚስትዎ መጥታ ነበር? «ግራጫ ነበረች» አሉኝ። ሚስታቸው ትሁን መርከቧ እንኳ ለይቼ አላወቅሁም።

በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ያቺ መርከብ ድንጋይ ላይ ወጣች። ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ባሕሩ እንደ ሳህን ውኃ ረግቷል። መሪውን የሚያዘው የሃያ ሁለት ዓመት ጀማሪ መኮንን ነበር፤ እሳቸው ከታች ሪፖርት ይፈርማሉ። የሞተ የለም። ነገር ግን በእነሱ ደንብ መርከብ መሬት የነካችበት አዛዥ የጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል። የመኮንኑ ሰይፍ ዳኞቹ ፊት ጠረጴዛ ላይ አግድም ይቀመጣል። ዳኞቹ መክረው ሲጨርሱ ተከሳሹ ይጠራል። ሲገባ የሰይፉ ጫፍ ወደ እሱ ዞሮ ካየው ጥፋተኛ ነው፤ ማንም አፉን ሳይከፍት ያውቀዋል።

«ወዴት ዞሮ ነበር?» አልኩ።

«ወደ እኔ።»

«የነዳው ልጁ ነው አላሉም?»

«መርከቧ የእኔ ናት።»

«ግን እርስዎ እኮ ሪፖርት እየፈረሙ ነበር!»

«አዎን። መፈረም አልነበረብኝም።»

ከዚያ በኋላ ሌላ መርከብ አልተሰጣቸውም። እኩዮቻቸው ካፒቴን ሲሆኑ፣ ከዚያም በላይ ሲወጡ፣ እሳቸው እስከ ጡረታ ድረስ ኮማንደር እንደሆኑ ቢሮ ለቢሮ ዞሩ። ልጁ ግን ካፒቴን ሆነ። በየገናው ካርድ ይልክላቸዋል። እኔ ብሆን ካርዱን አቃጥለው ነበር። እሳቸው በእርሳስ የደረሰበትን ቀን ይጽፉበትና ፋይል ያደርጉታል። ለቾል በአማርኛ «ይሄ ሰውዬ ጅል ነው፣ አይደል?» አልኩት። ቾል ግን አልሳቀም። ውኃውን እያየ «አላውቅም» አለ።

በሁለተኛው ዓመት በጋ፣ ወንዙ በየቀኑ እየቀነሰ ሳለ፣ ወባ አመመኝና ጉምቦ ቤቴ ተኛሁ። በማግሥቱ ባርጁ ወደ ሰሜን ወጣ፤ ማሽላና የሚዘራ ዘር ጭኗል። የዚያን ቀን ገጽ፣ እኔ ስለሌለሁ፣ ኮማንደሩ በእጃቸው ጻፉት። ከአራት ቀን በኋላ ድኜ ቢሮ ስገባ የአራት ሰዓቱ ጥሪ ደረሰ። የቾል ድምፅ ነው። ከቦር ከተማ ወዲያ አሸዋ ላይ ወጥተናል፤ ውኃው እየሸሸ ነው፤ እስከ ክረምት የሚነቃነቅ አይመስለኝም። ሌላ ምንም አላለም። በዚያ ሬዲዮ የሚወራውን ግማሽ ወንዝ ይሰማዋል።

እህሉ በታንኳ ተመላልሶ ደረሰ። ባርጁ ግን እዚያው ቀረ። ዋናው ቢሮ አጣሪ ቡድን እልካለሁ አለ። ላዱ ወደ ጎን ወስዶኝ «ጥፋቱ በነጂው ከተወሰነ ወንድምሽ አለቀለት» አለኝ። ሊነግረኝ አላስፈለገም። በዚህ ወንዝ ባርጅ አሸዋ ላይ አወጣ የተባለ ሰው ሌላ መሪ የሚሰጠው የለም፤ የዓሣ ጀልባ እንኳ። ቾል ደግሞ ከወንዝ ሌላ ምንም አያውቅም። ማንጋቴን ሰፈር ሚስትና አራት ልጆች አሉት።

ኮማንደሩ ዘንድ ገባሁ። «ሞተሩ ተበላሽቶ ነው ብለው ይጻፉ» አልኩ።

«ሞተሩ ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም።»

«እንግዲህ።»

«ኮማንደር፣ የእናቴ ልጅ ነው! አንድ ቃል ነው የለመንኩዎት!»

ከወረቀታቸው ቀና አሉ። «የሆነው ሁሉ መዝገቡ ውስጥ አለ። መዝገቡን አትንኪው፣ ሚስ ኛማል።»

ይኸው ነው! አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ምን ነበረበት? «አትፍሪ፣ ለወንድምሽ ጥሩ ነው» ማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ግን ማጽናኛ ለእሳቸው እንደ «የሚያምር» ነው፤ ቀይ እርሳስ ነው። እስከ ዛሬ በዚህ ነገር ይቅር አላልኳቸውም።

የብስ ሲወርዱ ጠብቄ መዝገቡን ከፈትኩ። ያን ገጽ አገኘሁት። ከላይ እስከ ታች ትል ነው። ከትሉ መሃል አንድ ነገር ለየሁ፤ የቾልን ስም። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ከሥሩ የኮማንደሩ ፊርማ። በዚያ መዝገብ ላይ ሰው ሦስት ጊዜ የሚጠራው ለምን ይሆን? እኔ አንዴ ስሜ የተጻፈው ስላጠፋሁ ነው። ላዱን እንዳላስነብበው ነገ ምስክር ነው፤ ያነበበውን አላነበብኩም አይልም። ቀደድኩት። ከሥሩ ጥርስ ጥርስ የሆነ ቁራጭ ቀረ። ወደ ቤቴ ስሄድ ድልድዩ ላይ መኪና ቆሞ ነበር፤ ከቦዳው ሳልወርድ አራት ቦታ ቆራርጬ ወንዙ ውስጥ ጣልኩት።

አጣሪዎቹ በማግሥቱ ገቡ፤ አንዲት ሰብሳቢ ሴትዮና ሁለት ሰዎች። ቾልም በፈጣን ጀልባ ያን ጠዋት ደረሰ፤ ፀሐይ አቃጥሎት፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ። በር ላይ አቀፍኩት። እሱ ግን ፈገግ አለ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ አጥብቀሽ የያዝሽኝ? ምንም አይመጣም። የወጣን ቀን ሰውዬውን ‹ውኃው አይበቃም፣ አንሂድ› ብዬው ነበር። ‹እንጨቱ ሁለት ሜትር ይላል፣ ሂድ› አለኝ። እዚያው ፊቴ ጻፈው። ሦስት ጊዜ ተናገርኩ፣ ሦስቱንም ጻፈ። መዝገቡ ላይ አለ።»

ግድግዳውን ያዝኩ። «ቾል…» ስል ጠሩን።

ኮማንደሩ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰዋል። መዝገቡን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ጣታቸውን እያራሱ ገለጡ። አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ። ከዚያ ቆሙ። በአውራ ጣታቸው ቁራጩን ዳሰሱት። ማንንም አላዩም፤ እኔንም።

«ገጹ የለም» አሉ። «ይሁን፣ የጻፍኩትን እናገራለሁ። ነጂው እንዳንወጣ ሦስት ጊዜ መከረ። እኔ ሦስት ጊዜ አልተቀበልኩትም። ትእዛዙ የእኔ ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነው። እሱ ወንዙን አነበበ፤ እኔ እንጨት አነበብኩ።»

ሰብሳቢዋ ፊቷ ያለውን ፋይል ገለጠች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እንዲያውም በአዘኔታ ነው ያየቻቸው። «ኮማንደር፣ ከዚህ በፊትም የበታችዎን ጥፋት እንደተሸከሙ እዚህ ተጽፏል» አለች። «የሚከበር ነገር ነው። ግን ዛሬ የምንፈልገው ደግነት ሳይሆን እውነት ነው።»

አንገታቸው ሲቀላ፣ ቅላቱ ወደ ጆሮአቸው ሲወጣ አየሁ። እኚህ ሰው በዕድሜያቸው አንድም ቀን ለደግነት ሲሉ ውሸት ተናግረው አያውቁም። ለእኔ አንድ ቃል የከለከሉኝ ሰው! አሁን ግን እውነት ሲናገሩ ደግነት ነው ተባለ።

ተነሣሁ። «እኔ ነኝ የቀደድኩት» አልኩ።

«ለምን?»

«የወንድሜ ስም ስላለበት።»

ሰብሳቢዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ስለዚህ አንብበሽው ለወንድምሽ መጥፎ ሆኖ አገኘሽው።»

«አላነበብኩትም! እንዲህ ተያይዞ የተጻፈ ማንበብ አልችልም!»

ሴትዮዋ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች፤ የሁለት ዓመት ጽሑፌን፣ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ከዚያች ከተፈረመባት ስህተት በቀር ስርዝ ድልዝ የሌለበት። «የሁለት ዓመት መዝገብ ያዥ ማንበብ አልችልም ስትል ልመን?» አለች። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ብሆን አላምነኝም ነበር።

ያመነኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኮማንደሩ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። እንዲያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። በዝግታ «ሁለት ዓመት?» አሉ።

ማስረጃ የለም ብለው ቾልን ከሥራ አሰናበቱት። ከክፍሉ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። ቆሜ ጠበቅሁት፤ አላየኝም። የኮማንደሩም ውል ተቋረጠ፤ መዝገብ ያስቀደደ አለቃ አይታመንም ተባለ። አውሮፕላናቸው በአራተኛው ቀን ነበር። እኔንም አባረሩኝ፤ የመጨረሻውን ሳምንት ግን ጨርሺ አሉኝ።

በማግሥቱ ይቅርታ ልለምን ቃሌን አዘጋጅቼ ገባሁ። አላስጨረሱኝም። ወንበር ሳቡ። «ተቀመጪ።» ባዶ ወረቀት አወጡና ያን ገጽ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በቃላቸው ጻፉት፤ በዚያው በትል ጽሕፈታቸው። «አንብቢ» አሉ።

«አልችልም አልኩ እኮ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የተቀመጥነው።»

አራት ቀን! ሻንጣቸው ክፍት ነው፣ መጻሕፍታቸው ወለል ላይ ተበትነዋል፣ የሚሰናበቱት ሰው በር ላይ ቆሟል፤ እሳቸው እርሳስ ይዘው እያንዳንዱን ፊደል ከጎረቤቱ ሲፈቱልኝ ይውላሉ። ስሳሳት እንደገና። ሳለቅስ «እንባ ቀለሙን ያበላሸዋል፣ ወደዚያ ዞር በዪ» ይሉኛል።

«ምነው ያን ዕለት ምን እንደተጻፈ ቢነግሩኝ!» አልኩ በሦስተኛው ቀን፤ አልቻልኩም።

«ምነው ማንበብ አልችልም ብትዪኝ!» አሉ፤ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው።

ተያየን። እርሳሱን አንሥቼ መልሼ ሰጠኋቸው።

በአራተኛው ቀን፣ መኪናው በር ላይ ሲያጓራ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። «ነጂ ቾል እንዳንወጣ መከረ። ትእዛዜን ደገምኩ።» ሦስት ጊዜ። የመጨረሻው መስመር ላይ ድምፄ ሰለለ። «ጮክ በዪ» አሉ። ጮክ አልኩ። ባርኔጣቸውን አነሡና ሄዱ። መልካም ነው እንኳ አላሉኝም።

ከእንግሊዝ በየወሩ ለዋናው ቢሮ ይጽፉ ነበር፤ ያው አንድ ደብዳቤ፣ ያው ቃል፤ ቅጂው ለእኔ። «ጉዳዩ፦ ነጂው ትክክል ነበር።» መልሱ ሁልጊዜ «ስለ ደብዳቤዎ እናመሰግናለን» ነው። በታይፕ መጻፍ ይችላሉ እኮ! ሆን ብለው በእጃቸው፣ በዚያው ጽሕፈት ነው የሚጽፉልኝ፤ እንዳልረሳ። የመጨረሻዎቹ ደብዳቤዎች ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር አንዱን ለማንበብ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ተናድጄ አነበብኩት።

ቾል ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረኝም። ማንጋቴን ስሄድ ሚስቱ ወንበር ታቀርብልኛለች፤ እሱ በጓሮ በኩል ይወጣል። የገብርኤል ዕለት ሄድኩ፣ ልጁ ሲታመም ሄድኩ፤ ያው ነው። ሰባት ወር።

ክረምቱ ሲገባ ወንዙ ሞላ። ድርጅቱ የቀጠረው አዲስ ነጂ ባርጁን ከአሸዋው ላይ ለማውጣት ሦስት ቀን ታገለና ገመድ በጠሰ። ቾል ይህን ወደቡ ላይ ሰማ። ማንም አልላከውም። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በዓሣ ነጋዴ ጀልባ ወረደ። እዚያ ዘጠኝ ቀን ዳር ላይ ተቀምጦ ውኃውን ሲያይ ሰነበተ። በአሥረኛው ቀን አዲሱን ነጂ መሪውን ለመነው፤ ሰውየውም ደክሞት ነበርና ሰጠው። ባርጁን ወደ ኋላ አወጣው። ከዚያ ወንዙን እየተቃወመ እስከ ጁባ ነዳው፤ ገመዱን ራሱ አሰረ። ወደቡ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አይቶታል። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ያለው ሁሉ ይፈልገዋል፤ ዛሬም ከጁባ እስከ ማላካል ይነዳል።

የዚያን ቀን ግን ወደ ማንጋቴን አልሄደም። ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ ጉምቦ ቤቴ መጣ። ጭቃ የያዘ ጫማውን በር ላይ አወለቀ።

«የሚበላ አለ?» አለኝ።

ዓሣ ነበር። ሁለት ሳህን በላና እዚያው ምንጣፉ ላይ ተኛ።